አልመልስ ያለ ቁልፍ፦ የኪቦርድና የማውስ ብልሽት ምርመራ ታሪክ፣ ከደቡብ ምዕራብ የቡና ምድር ሲታይ

(ለፋኩልቲው መምህራን፣ ተማሪዎችና ተጋባዥ እንግዶች የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር፣ ሙሉ ጽሑፍ)



የዛሬው ርእሰ ጉዳይ ለታሪክ ጥናት የማይመጥን ተራ ነገር መስሎ ሊታይ ይችላል። ኪቦርድ ሲጫኑት አልጽፍ ቢል፣ ማውስ ሲገፉት አልንቀሳቀስ ቢል ምን ይደረጋል? ይህ የጥገና ባለሙያ እንጂ የታሪክ መምህር የሚጠየቀው አይደለም ይባል ይሆናል። የእኔ መከራከሪያ ብልሽትም ታሪክ አለው የሚል ነው። ሰው ከተበላሸ መሣሪያ ፊት ሲቆም መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር፣ ማለትም ቁልፉን ጠንክሮ መምታቱ፣ ማውሱን ገልብጦ ማየቱ፣ ገመዱን ነቅሎ መሰካቱ፣ አጥፍቶ ማብራቱ፣ እያንዳንዱ ከአንድ ዘመን የተወረሰ ልማድ ነው። መሣሪያው ይለወጣል፤ ልማዱ ግን ብዙ ጊዜ ባለበት ይቀራል። ልማዱና መሣሪያው ሲራራቁ ደግሞ ያልሞተው ኮምፒዩተር ሞቷል ተብሎ ወደ ግምጃ ቤት ይገባል።

ጉዳዩ በእኛ አካባቢ ለምን እንደሚከብድ ላስረዳ። ሚዛን ተፈሪ ከአዲስ አበባ በጅማና በቦንጋ መንገድ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በኅዳር 2014 ዓ.ም ሲመሠረት መቀመጫዎቹ ቦንጋ፣ ተርጫ፣ ሚዛን አማንና ቴፒ ተብለው በአራት ከተሞች ተከፋፍለዋል፤ ስለዚህ የመንግሥት ሥራ የሚንቀሳቀሰው እርስ በርስ በተራራቁ ጠረጴዛዎች መካከል ነው። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ አለበት፤ ፈተናውም የሚሰጠው በኮምፒዩተር ነው። የአራትና የአምስት ዓመት ልፋት በአንድ ጠዋት፣ በአንድ ማውስ ጫፍ ላይ ይንጠለጠላል ማለት ነው። በዚያ ሰዓት ጠቋሚዋ ስክሪኑ ላይ ደርቃ ብትቀር፣ በክፍሉ ያለው ሰው የሚያውቀው ነገር የተማሪውን ደቂቃዎች ይወስናል።

ብልሽት በዓይን የሚታይበት ዘመን

ታሪኩ የሚጀምረው ከኮምፒዩተር በፊት ነው። አሜሪካዊው ክሪስቶፈር ሾልስ በ1868 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብቱን ያገኘበትና ሬሚንግተን ከ1870ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለገበያ ያቀረበው የጽሕፈት መኪና፣ ዛሬም ከጣታችን ሥር ያለውን የላቲን ፊደላት አሰላለፍ አውርሶናል። በሀገራችን የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ታሪክ ከኢንጂነር አያና ብሩ ስም ጋር ተያይዞ ይነሣል። ችግሩ ግልጽ ነበር፤ ከሁለት መቶ በላይ የሆኑት የግእዝ ፊደላት ለእንግሊዝኛ በተሠራ ቁልፍ ብዛት አይያዙም። መፍትሔው ፊደሉን መክፈል ሆነ። የፊደሉ አካል በአንድ ቁልፍ፣ ካዕቡን፣ ሣልሱን ወይም ሳብዑን የሚለየው ጭረት በሌላ ቁልፍ ይመታል። የድሮ የመንግሥት ደብዳቤ ያገላበጠ ሰው፣ ከፊደሉ ትንሽ ተለይቶ የተንጠለጠለውን ጭረት ያስታውሳል። በኋላ ኦሊቬቲን የመሰሉ ፋብሪካዎች የአማርኛ መኪናዎችን ሠርተው አቅርበዋል።

በዚያ መኪና ላይ ብልሽት ከዓይን አይሰወርም። ቁልፉ ሲጫን ዘንጉ ይነሣል፣ የፊደሉ ብረት ሪባኑን ይመታል፣ ወረቀቱ ላይ ፊደል ይታተማል። አንዱ ካልሆነ የትኛው እንዳልሆነ ይታያል። ሁለት ብረቶች ከተያያዙ ታይፒስቷ በጣቷ ታላቅቃቸዋለች። ፊደሉ ከደበዘዘ ሪባኑ አልቋል፤ ቁልፉ ከከበደ አቧራና ዘይት ተጋግሮበታል። መርማሪውም ጠጋኙም አንድ ሰው ነው። ቁልፍ እምቢ ሲል ጠንክሮ የመምታት ልማድ የመጣው ከዚህ ነው። በዚያ ዘመን ትክክል ነበር፤ የእጅ ኃይል በቀጥታ ወደ ወረቀቱ ይደርስ ነበርና። ዛሬ ግን ቀጭን የፕላስቲክ ሽፋኖችን ከማድከም በቀር ጥቅም የለውም።

በእጅና በወረቀት መካከል የመጀመሪያውን ርቀት ያመጣው ቴሌፕሪንተር ነው። አቶ ተረፈ ራስወርቅ የአማርኛን ቴሌፕሪንተር በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሲሠሩ፣ ቁልፉ የሚመታበትና ፊደሉ የሚታተምበት ቦታ በከተሞች ርቀት ተለያዩ። ያን ጊዜ አዲስ ጥያቄ ተወለደ። በሌላው ጫፍ ጽሑፍ ካልወጣ፣ ጥፋቱ የላኪው ቁልፍ ነው፣ የመሥመሩ ነው፣ ወይስ የተቀባዩ መኪና? ዝምታ ለመጀመሪያ ጊዜ ብዙ ትርጉም ኖረው። ዘመናዊው የብልሽት ምርመራ ሁሉ ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው።

ኪቦርዱ ራሱ ትንሽ ኮምፒዩተር ሲሆን

አይቢኤም በ1981 እ.ኤ.አ. የግል ኮምፒዩተሩን ሲያወጣ፣ ኪቦርዱ የራሱ ትንሽ አንጎል ነበረው። ቁልፍ ሲጫን ፊደል አይላክም፤ ሦስተኛ ረድፍ ላይ ያለው እንዲህ ያለ ቁልፍ ተጫነ፣ ከዚያም ተለቀቀ የሚል የቁጥር መልእክት ነው የሚላከው። ቁጥሩን ወደ «ሀ» ወይም ወደ ሌላ ፊደል የሚተረጉመው ኮምፒዩተሩ ላይ ያለው ፕሮግራም ነው። ይህን ልዩነት ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ስለ ፊደላችን ስናገር እመለስበታለሁ።

የመጀመሪያው አይቢኤም ኪቦርድ ተናጋሪ ብቻ ነበር፤ ኮምፒዩተሩ መልሶ ሊያዝዘው አይችልም። በ1984 እ.ኤ.አ. ኤቲ የተባለው ሞዴል ሲመጣ ንግግሩ የሁለት ወገን ሆነ፤ የኑም ሎክና የካፕስ ሎክ መብራቶችም በኪቦርዱ ላይ በሩ። ብዙ ሰው መብራቱን የሚያበራው ራሱ ቁልፉ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። ቁልፉ ሲጫን መልእክት ወደ ኮምፒዩተሩ ይሄዳል፤ ኮምፒዩተሩ ሰምቶ አብራ የሚል ትእዛዝ ይመልሳል፤ መብራቱ የሚበራው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ኑም ሎክን ተጭኖ መብራቱን ማየት፣ ያለ ምንም መሣሪያ በ1 ሰከንድ የሚደረግ ሙሉ ምርመራ ነው። መብራቱ ከተለዋወጠ፣ ኪቦርዱ ይናገራል፣ ገመዱ ያደርሳል፣ ኮምፒዩተሩም ይሰማል፤ ጥፋቱ ከፍ ብሎ በተከፈተው ፕሮግራም ወይም በመስኮቱ ላይ ነው። ካልተለዋወጠ፣ ወይ ኪቦርዱ ተቋርጧል፣ ወይ ኮምፒዩተሩ በተለምዶ እንደምንለው ሀንግ አድርጓል። ሁለቱን ለመለየት ማውሱን ማንቀሳቀስ ይበቃል። ማውሱ ከሠራ ችግሩ የኪቦርዱ ወገን ነው፤ ሁለቱም ከደረቁ ግን ሁለት መሣሪያዎች በአንድ ቅጽበት ይሞታሉ ብሎ ከማሰብ በፊት የሚጋሩትን ነገር መጠርጠር ይገባል።

በዚያ ዘመን ኮምፒዩተር ሲነሣ ኪቦርዱን ፈልጎ ካጣው፣ ኪቦርድ እንደሌለ አስታውቆ ለመቀጠል ኤፍ1ን ይጫኑ የሚል መልእክት ያወጣ ነበር። የሌለውን ኪቦርድ ተጫን ማለቱ ለብዙ ዓመታት የባለሙያዎች ቀልድ ሆኖ ኖሯል። ቀልዱ ግን ቁም ነገር አለው፤ ማሽኑ ብልሽቱን ሊነግረን የሚችለው በተበላሸው መንገድ በኩል ብቻ ከሆነ፣ ምርመራው ከማሽኑ ውጭ ባለ ሰው እጅ መሆን አለበት።

ማውስ፦ ከእንጨት ሣጥን እስከ ብርሃን

ማውስ የተወለደው በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ነው። ሐሳቡ የዳግላስ ኤንግልባርት፣ የመጀመሪያው ሥራ ደግሞ የባልደረባው የቢል ኢንግሊሽ ነበር። በ1964 እ.ኤ.አ. የተሠራው ማውስ በውስጡ ሁለት መሽከርከሪያዎች ያሉት ትንሽ የእንጨት ሣጥን ነበር። ታኅሣሥ 9 ቀን 1968 እ.ኤ.አ.፣ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 30 ቀን 1961 ዓ.ም፣ በሳን ፍራንሲስኮ ለጉባኤ ታየ። ከዚያ በዜሮክስ ቤተ ሙከራዎች በኩል አልፎ በ1984 እ.ኤ.አ. በማኪንቶሽ ወደ ተራው ሰው ጠረጴዛ ደረሰ።

ለእኛ ትውልድ ማውስ ማለት ሆዱ ውስጥ የጎማ ኳስ ያለበት ነበር። ኳሱ ሲንከባለል ሁለት ትንንሽ ዘንጎችን ያሽከረክራል፤ አንዱ ግራና ቀኝን፣ ሌላው ላይና ታችን ይለካል። የእጅ ወዝና አቧራ በዘንጎቹ ላይ ተጋግሮ ቀለበት ሲሠራ ጠቋሚዋ ትዘላለች፣ ወይም በአንድ አቅጣጫ ብቻ ትሄዳለች። መድኃኒቱም ከታች ያለውን ክዳን አዙሮ ኳሱን ማውጣት፣ ዘንጎቹን መፋቅ ነበር። ምልክቱ ራሱ የብልሽቱን ስፍራ ይጠቁማል፤ ወደ ጎን ብቻ እምቢ ካለ የጎኑ ዘንግ ቆሽሿል ማለት ነው።

በ1999 እ.ኤ.አ. ማይክሮሶፍት ኳስ የሌለውን፣ በብርሃን የሚሠራውን ማውስ ለሰፊው ገበያ ሲያቀርብ ይህ ጥበብ ሁሉ አብሮ ተሻረ። የብርሃን ማውስ ከሥሩ ያለውን ገጽ በሰከንድ ብዙ ጊዜ እያነሣ ምስሎቹን በማነጻጸር ነው የሚጓዘው። ስለዚህ አቧራን ይቋቋማል፤ መስታወትንና የሚያብረቀርቅ ጠረጴዛን ግን አይችልም፤ ልዩነት የሌለበትን ምስል ከምስል ማነጻጸር አይቻልምና። ሥራ ያቆመ ማውስ ከሥሩ አንድ ወረቀት ሲደረግለት ቢነሣ የሚያስገርም ሊሆን አይገባም። ማውሱን እየገለበጠ የሚያራግፍ ሰው የኳሱን ዘመን እያስታወሰ ነው፤ መመልከት ያለበት ጠረጴዛውን ነው።

ሶኬቱ የሚጠይቅና ሶኬቱ የሚጠየቅ

አይቢኤም በ1987 እ.ኤ.አ. ፒኤስ/2 የተባለውን ትውልድ ሲያወጣ፣ ክብ ባለ 6 እግር ሶኬት አብሮ መጣ። ኋላ ለኪቦርድ ሐምራዊ፣ ለማውስ አረንጓዴ ቀለም ተሰጣቸው፤ በቅርጽ ግን አንድ ስለሆኑ መለዋወጣቸው የተለመደ ነበር። ይህ ሶኬት ኮምፒዩተሩ በርቶ ሳለ እንዲነቀልና እንዲሰካ የተሠራ አይደለም። በኃይል ከተገፋ እግሮቹ ይጎብጣሉ፤ አንዳንዴም የዋናው ቦርድ ፊውዝ ይቃጠላል። ደኅና ቢሰካ እንኳ ብዙ ጊዜ ኮምፒዩተሩ እንደገና ካልተነሣ አያውቀውም።

የዩኤስቢ ደንብ የመጀመሪያ ቅጂ በ1996 እ.ኤ.አ. ወጣ። በሥራ ላይ እያለ መንቀልና መሰካት የተፈቀደው በእርሱ ነው። ሆኖም ከውጭ የማይታይ አንድ ትልቅ ለውጥ አብሮት መጣ። የፒኤስ/2 ኪቦርድ የሚናገረው ነገር ሲኖረው የኮምፒዩተሩን ሥራ አቋርጦ ይናገር ነበር። የዩኤስቢ ኪቦርድ ግን ካልተጠየቀ አይናገርም። ኮምፒዩተሩ በየጥቂት ሚሊሰከንዱ ያለህ ነገር አለ ወይ ብሎ ይጠይቀዋል፤ እርሱም አለ ወይም የለም ይላል። ስለዚህ በዩኤስቢ ዘመን ፍጹም ጤነኛ የሆነ ኪቦርድ፣ ጠያቂ በማጣቱ ብቻ ዝም ሊል ይችላል። ጠያቂው ድራይቨር የምንለው ፕሮግራም ነው።

ብልሽቱ ወደ ሶፍትዌር ሲሸሽ

ለዚህ ከቅርብ ታሪክ ሁለት ማስረጃ ላቅርብ። ዊንዶውስ 7 በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። ኢንቴል በ2015 እ.ኤ.አ. ስድስተኛውን ትውልድ ፕሮሰሰሩን ሲያወጣ፣ አብረውት ከመጡት ቦርዶች የቀድሞውን የዩኤስቢ መቆጣጠሪያ አውጥቶ አዲሱን ብቻ አስቀረ። ዊንዶውስ 7 ደግሞ ለአዲሱ መቆጣጠሪያ የሚሆን ድራይቨር በውስጡ አልነበረውም። ውጤቱ ብዙ ባለሙያ ያስጨነቀ እንቆቅልሽ ሆነ፤ አዲስ ኮምፒዩተር ላይ ዊንዶውስ 7 ሲጫን፣ ኪቦርዱና ማውሱ በባዮሱ ገጽ ላይ በደንብ ሲሠሩ ቆይተው የመጫኛው የመጀመሪያ መስኮት ሲከፈት ሁለቱም ይደርቃሉ። ኪቦርድ መለወጥ ምንም አይፈይድም። የሚፈይደው ወይ ድራይቨሩን ቀድሞ በመጫኛው ውስጥ መክተት፣ ወይ ቦርዱ የፒኤስ/2 ሶኬት ካለው በአሮጌው ኪቦርድ መጠቀም ነው። ሁሉም የናቀው አሮጌ ኪቦርድ አዲሱን ማሽን የሚያድንበት ጊዜ መጣ ማለት ነው።

ሁለተኛው የትናንት ነው። ማይክሮሶፍት ጥቅምት 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ.፣ ማለትም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም፣ ለዊንዶውስ 11 ያወጣው ማሻሻያ፣ በብልሽት ጊዜ በሚከፈተው የማገገሚያ ገጽ ላይ የዩኤስቢ ኪቦርድና ማውስ እንዳይሠሩ አደረገ። በዕለታዊ ሥራ ላይ ምንም እንከን የለም፤ ማሽኑ ታሞ ወደ ማገገሚያው ሲገባ ብቻ እጅ ይታሰራል። ኩባንያው በአንድ ሳምንት ውስጥ ማስተካከያ አወጣ። ነገሩ የሚያስተምረን፣ መሣሪያው ሳይነካ፣ ገመዱ ሳይነቀል፣ ከሩቅ በመጣ ማሻሻያ ብልሽት ሊፈጠር እንደሚችል ነው።

ብልሽት የሚመስል ብልሽት ያልሆነም አለ። በዊንዶውስ የቀኙን የሺፍት ቁልፍ 8 ሰከንድ ያህል ይዞ መቆየት፣ እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ ተጠቃሚዎች የተዘጋጀውን ማጣሪያ ሊያስነሣ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ኪቦርዱ አጫጭር ምቶችን ይንቃል፣ ቀስ ተብሎ ለተጫነ ቁልፍ ብቻ ይመልሳል። ክርናቸውን ኪቦርዱ ላይ ያሳረፉ ስንቶች ሞተ ብለውት ይሆን?

ከእነዚህ ሁሉ አንድ ቀላል መለያ ይወጣል። ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ወደ ባዮስ መግባት ከተቻለ፣ ኪቦርዱ፣ ገመዱና ሶኬቱ ደኅና ናቸው፤ በዚያ ሰዓት የሚጠይቃቸው ከቦርዱ ጋር የተሠራው ፕሮግራም ነውና። ዊንዶውስ ሲከፈት ዝም ካሉ፣ ተጠያቂው ድራይቨሩ ወይም ቅንብሩ ነው። ባዮስም ላይ ዝም ካሉ ደግሞ በሌላ ሶኬት፣ ከዚያም በሌላ ኮምፒዩተር ላይ መሞከር ይገባል። በእያንዳንዱ እርምጃ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ አለበት፤ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው፣ ማሽኑ ቢነሣ እንኳ ምን እንዳነሣው አያውቅም።

ፊደሉ አልመልስ ሲል

በሀገራችን አንድ ሌላ ዓይነት ዝምታ አለ፤ ቁልፉ ይሠራል፣ ማሽኑ ይሰማል፣ ነገር ግን ፊደላችን አይወጣም። ቀደም ሲል እንዳልሁት ኪቦርድ ፊደል አይልክም፤ የቁልፍ ቁጥር ይልካል። ቁጥሩን «መ» የሚያደርገው በመካከል ያለ ፕሮግራም ነው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አቶ ፍስሐ አጥላውና ሌሎች ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ለግእዝ ፊደል የኮምፒዩተር ፕሮግራም መሥራት ሲጀምሩ፣ እያንዳንዱ አዘጋጅ የራሱን የቁጥር አሰጣጥ ተከተለ። ኋላ በየመሥሪያ ቤቱ የተስፋፉት ቪዥዋል ግእዝና ፓወር ግእዝም በራሳቸው ሥርዓት ይጽፉ ነበር። በአንዱ የተጻፈ ሰነድ ሌላው በተጫነበት ማሽን ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክት ክምር ሆኖ ይታያል። ተጠቃሚው ኮምፒዩተሩ ተበላሸ ይላል። የተበላሸ ነገር ግን የለም፤ የጎደለው ስምምነት ነበር።

ስምምነቱ የመጣው በመስከረም 1999 እ.ኤ.አ. ነው። ዩኒኮድ 3.0 በዚያን ጊዜ 345 የግእዝ ፊደላትንና ምልክቶችን መዘገበ። ማይክሮሶፍት ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ናያላ የተባለውን ፊደልና የአማርኛ ኪቦርድ ከሥርዓቱ ጋር አብሮ ሰጠ። በ2005 እ.ኤ.አ. በወጣው የዩኒኮድ 4.1 ተጨማሪ ሰንጠረዥ ውስጥ ደግሞ ለጎረቤታችን ለሜኢኒት ሕዝብ ቋንቋ የሚያገለግሉ ፊደላት ገብተዋል። ይህ በአካባቢያችን በቂ ትኩረት ያላገኘ ትልቅ ክንውን ነው። ሆኖም መመዝገብ አንድ ነገር፣ ከጣት ሥር መገኘት ሌላ ነገር ነው። የቤንች ቋንቋ ምላስ ወደ ኋላ ታጥፎ የሚነገሩ ድምፆችና አምስት የድምፅ ከፍታ ደረጃዎች ያሉት፣ በሥነ ልሳን ተመራማሪዎች ዘንድ የታወቀ ቋንቋ ነው። ይህን ቋንቋ በሚጽፍ ተማሪ ፊት ያለው ኪቦርድ ለእነዚህ ከፍታዎች የተሰየመ ቁልፍ የለውም። ይህም አልመልስ ያለ ቁልፍ ነው፤ ባለሙያ ጠርቶ የሚጠገን ግን አይደለም፤ ትዕግሥት ያለው የምርምር ሥራ ይፈልጋል።

በድሮ ሥርዓት የተጻፉ የመመረቂያ ጽሑፎች፣ ቃለ ጉባኤዎችና የመሬት መዛግብት ዛሬም በየመደርደሪያው ባሉ ዲስኮች ላይ አሉ። ወደ ዩኒኮድ ካልተመለሱ፣ ነገ ለሚመጣው የታሪክ ተማሪ እነዚህ መዛግብት ዝም ያሉ ናቸው። ከማውሱና ከኪቦርዱ ሁሉ የሚያሳስበኝ ይህ ዝምታ ነው።

ከቡናው ማሳ የሚገኝ ትምህርት

የቴፒና የበበቃ የቡና እርሻዎች በሚታወቁበት ምድር ላይ ሆነን ስለ ምርመራ ስንናገር ከገበሬው መማር ይገባናል። አንድ የቡና ዛፍ ቅጠሉ ጠውልጎ ሲደርቅ፣ ምክንያቱ ሥሩ፣ ግንዱ ወይም የውኃ እጦት ሊሆን ይችላል። ከላይ ሲታይ ሁሉም አንድ ናቸው። ዛፉን የሚያደርቀው የፈንገስ በሽታ የሚለየው የግንዱ ቅርፊት ተፍቆ ከሥሩ ያለው እንጨት ጠቁሮ ሲገኝ ነው። ይህ በሽታ ደግሞ በቁስል በኩል ይገባል፤ የታመመውን ዛፍ የነካ ገጀራ ሳይጸዳ ጤነኛውን ሲነካ በሽታውን ያሸጋግራል። እንግዲህ ልምድ ያለው ገበሬ ሁለት ነገር ያውቃል፤ ምልክት ምክንያት አይደለም፣ በችኮላ የሚደረግ ጥገናም በሽታ ያዛምታል።

አካባቢያችን ራሱ የብልሽት ምክንያቶችን ይጨምራል። ዝናባችን ብዙ፣ አየራችን እርጥብ ነው። እርጥበት የሶኬትን የብረት ገጽ ቀስ በቀስ ያበላሻል፤ ነቅሎ ማጽዳትና መልሶ መሰካት ያስነሣው ኪቦርድ፣ የተነሣው በተአምር ሳይሆን የተበላሸው ገጽ ስለተፋቀ ነው። መብራት ሲጠፋና ሲመጣ የሚፈጠረው የኃይል መዋዠቅ ሶኬቶችን ይጎዳል። ቡና መጠጣት ባህላችን ነውና ስኒም ኪቦርድ ላይ ይገለበጣል። ስኳር የሌለው ቡና ሲደርቅ የሚተወው ጥቂት ነው፤ ስኳር ያለበት ግን ሙጫ ሆኖ ቁልፎቹን ያጣብቃል፣ ቀጫጭኑን የኤሌክትሪክ መሥመሮችም ይበላል። ያን ጊዜ ወዲያው መንቀል፣ ገልብጦ ማንጠፍጠፍ፣ ፈጽሞ ሳይደርቅ አለማብራት ነው መድኃኒቱ። እየጻፉ ያደርቀዋል ማለት ማጥፋቱን ማፋጠን ነው።

ስለ መዝገብና ስለ ኃላፊነት

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት በሞዴል 19 ይገባል፣ በሞዴል 22 ይወጣል። ዕቃው መቼ ገባ፣ ማን ወሰደው የሚለው በደንብ ይታወቃል። ለምን ሥራ አቆመ የሚለው ግን በእነዚህ ቅጾች ላይ ስፍራ የለውም። በዚህም ምክንያት «የማይሠራ» የሚለው ቃል እንደ ፍርድ ሆኖ ይቀመጣል፤ ማስረጃው አይጠየቅም። የሚኒስትሮች ምክር ቤት የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻን አያያዝና አወጋገድ በሚመለከት በ2010 ዓ.ም ደንብ ቁጥር 425ን አውጥቷል። ደንቡ የሚመለከተው በእውነት ያበቃለትን ዕቃ ነው። ያላበቃለትን ዕቃ ቆሻሻ የሚያደርገው ግን ያልተመረመረ ዝምታ ነው።

ስለዚህ ለዚህ ጉባኤ ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ የኮምፒዩተር ክፍል አንድ የብልሽት መዝገብ ይኑረው፤ ምልክቱ፣ የተሞከረው እርምጃና የተገኘው ምክንያት በቀኑ ይጻፍበት። ከአምስት ዓመት በኋላ ይህ መዝገብ ለግዢ ውሳኔም፣ ለታሪክ ጥናትም የማይተካ ምንጭ ይሆናል። ሁለተኛ፣ በፈተና ክፍል ውስጥ ደኅንነታቸው የተረጋገጠ ጥቂት መለዋወጫ ማውሶችና ኪቦርዶች፣ ከተቻለም አንድ የፒኤስ/2 ኪቦርድ፣ በእጅ ይገኙ፤ ፈታኙም የኑም ሎኩን መብራት ማንበብ ይማር። በፈተና ሰዓት የምርምር ጊዜ የለም፤ ለተማሪው ወዲያው የሚሠራ ማውስ ይሰጠው፣ ምርመራው ከፈተናው በኋላ ይቀጥል። ሦስተኛ፣ በቀድሞ የፊደል ሥርዓቶች የተጻፉ ሰነዶቻችንን ወደ ዩኒኮድ የመመለስ ሥራ የኮምፒዩተር፣ የቋንቋና የታሪክ ትምህርት ክፍሎች በጋራ ይጀምሩት።

የተወደዳችሁ ተማሪዎች፣ ወደ ሥራ ስትሰማሩ ብዙዎቻችሁ በክፍሉ ውስጥ ኮምፒዩተር ያውቃል የሚባል ብቸኛ ሰው ትሆናላችሁ። ጤና ጣቢያ፣ ወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ የቡና ኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ ማሽኑ ዝም ሲል ሰው ሁሉ ወደ እናንተ ይዞራል። ያን ጊዜ የሚጠበቅባችሁ ከመምታታችሁ፣ ከመንቀላችሁና ከመጣላችሁ በፊት፣ ዝምታው ከየትኛው ደረጃ እንደመጣ መጠየቅ ነው፤ ከቁልፉ፣ ከገመዱ፣ ከሶኬቱ፣ ከድራይቨሩ ወይስ ከፊደሉ። በቅደም ተከተል የሚጠይቅ ሰው መልሱን በደቂቃዎች ውስጥ ያገኛል፤ ያገኘውንም መዝግቦ ለቀጣዩ ይተዋል።